ከውጫሌ ከሰል ናፍታ ይወጣል? (የአንድ ጆንያ ጣጣ)

መነሻ ጽሑፍ

ሰላም ለሁላችሁም። ኮምቦልቻ ነው ያለሁት፤ በአንድ የትምህርት ተቋም ላብራቶሪ ውስጥ ቴክኒሺያን ነኝ። አጎቴ ሰሞኑን አንድ ጆንያ የድንጋይ ከሰል አምጥቶ በራችን ላይ ጣለው። የውጫሌ ነው አለኝ። አንድ ሰውዬ በርሜል ውስጥ ከሰል አፍልቶ ዘይት ሲቀዳ በስልኩ አይቷል። ናፍታ ፍለጋ ማደያ ደጅ ሁለት ሌሊት ያደረ ሰው ስለሆነ አልፈረድኩበትም።

ሥራ በሌለበት ቀን ትንሽ ፈጭቼ ለካሁት። 105 ዲግሪ ላይ ሳደርቀው የወጣው ውሃ 3 በመቶ ብቻ ነው። 815 ዲግሪ ላይ ተቃጥሎ 15 በመቶ አመድ ተረፈ። ክዳን ገጥሜ 900 ዲግሪ ላይ 7 ደቂቃ ሳቆየው ተን ሆኖ የሄደው 25 በመቶ አካባቢ ነው። ቀጥሎ ግማሽ ኪሎ ከሰል፣ አንድ ጫፉ በብየዳ የተደፈነ የብረት ቱቦ ውስጥ ከትቼ አየር ሳላስገባ እስከ 550 ዲግሪ አሞቅሁት። የሚወጣውን ተን በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ በሚያልፍ ቀጭን ቱቦ ስቀበለው፣ ከሚከረፋ ውሃ ጋር ግማሽ ሲኒ የምትሞላ ጥቁር ዘይት ወረደች።

እንግዲህ ግማሽ ኪሎው ግማሽ ሲኒ ከሰጠ አንድ አይሱዙ ሙሉ ስንት ይሰጣል? የውጫሌ ከሰል ለናፍታ ይሆናል ባይ ነኝ። የምታውቁ ተናገሩ።

እስካሁን የተባለው

ከላይ ያለውን ከለጠፍኩ ሦስት ሳምንት ሆነ፤ መልሱ 37 ደርሷል። አዲስ ለሚገባ ሰው ሁሉን ማንበብ ስለሚታክተው፣ የተባለውን በቁጥሩ እየጠራሁ በራሴ አነጋገር እዚሁ አኖርኩት። ስድቡን ቀነስኩት፤ ተሰዳቢው እኔ ስለሆንኩ መብቴ ይመስለኛል።

ቁጥር 1 የሰኞ ገበያ የባጃጅ ሾፌር ነው። ማሻአላህ ብሎ ካመሰገነኝ በኋላ፣ ያቺን ግማሽ ሲኒ በጨርቅ አጥልሎ ከቤንዚን ጋር ቢቀላቅላት ባጃጁ ይነሳ እንደሆነ ጠየቀ። ከምሩ ነው። ቁጥር 2 ላይ ኢንጀክተር በሚል ስም የሚጽፉ ጡረታ የወጡ መካኒክ፣ ልጁን ሳያሳፍሩት እጁን ያዙት። የወረደው ነገር ገና ሬንጅ እንጂ ነዳጅ አይደለም፤ ፌኖል የሚባል የሚከረፋ ውህድና ቀለበት ቀለበት የሆነ ሞለኪውል ይበዛበታል፣ ጥቂት ቀን ከተቀመጠ ይጓጉላል፣ የናፍታ ሞተር ውስጥ ቢገባም በግፊት ብቻ በቀላሉ አይቀጣጠልም። እሳቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ የተደፈነ ኢንጀክተር ሲያጥቡ እንደኖሩና ይህን ያደረገ ሰው መኪናውን ወደሳቸው እንዳያመጣ ጨመሩ።

ቁጥር 3 ነርስ ናት፤ ደሴ ትሠራለች። ዘይቱን ከነመኖሩም አልጠቀሰችው። የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያልቀዘቀዘውና ዘይት ያልሆነው ጋዝ በየት ወጣ? ከዚያ ጋዝ ውስጥ አንዱ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ አይሸትም፣ አይታይም። በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ፍም ያለበት ማንደጃ እቤት አስገብተው፣ በርና መስኮት ዘግተው የተኙ ሰዎችን እንደምትቀበል ጻፈች፤ አንዳንዶቹን ስትቀበል ሁሉ ነገር አልፏል። ቁጥር 4 የእኔ መልስ ነው። ጋዙን በመስኮት ነው ያወጣሁት አልኩ። ቁጥር 5 ላይ ተመልሳ ከመስኮቱ ውጭ ማን እንደሚቆም ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም፤ የተማሪዎች መተላለፊያ ነው። ከዚያ ወዲህ ቱቦውን አልነካሁትም።

ከቁጥር 6 እስከ 9 ታሪክ ነው። አንዱ፣ ጀርመኖች ሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ሙሉ በሙሉ በከሰል ነዳጅ እንደተዋጉና እኛም ቆራጥ ብንሆን ከእነሱ እንደማናንስ ጻፈ። ቁጥር 7 ጨዋ አራሚ ነው። ለአውሮፕላኖቻቸው አብዛኛው ቤንዚን ከከሰል መሠራቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ከሩማንያ የሚመጣ ድፍድፍም ነበራቸው፣ ፋብሪካዎቹም እ.ኤ.አ. ከግንቦት 1944 ጀምሮ በቦምብ ሲደበደቡ ታንኩም አውሮፕላኑም ቆመ። ሁለቱን መንገድ መለየት እንደሚያስፈልግም አስረዳ። ፍሪድሪክ ቤርጊዩስ እ.ኤ.አ. በ1913 የባለቤትነት መብት ያወጣበት መንገድ፣ ከሰሉን አድቅቆ ከዘይት ጋር በመለወስ፣ ከ400 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀትና በመቶዎች ባር ግፊት ሃይድሮጅን የሚያስጠጣ ነው፤ በ1931 ከካርል ቦሽ ጋር የኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል። ፍራንዝ ፊሸርና ሃንስ ትሮፕሽ በ1920ዎቹ ሚውልሃይም በሚገኘው የከሰል ምርምር ተቋም የደረሱበት ሌላው መንገድ ደግሞ ከሰሉን መጀመሪያ ጋዝ አድርጎ አፍርሶ፣ ከጋዙ አዲስ ዘይት ይገነባል። ግፊቱ ምን ያህል እንደሆነ ለሚገረም ሰው፣ የአይሱዙ ጎማ የሚነፋው 7 ወይም 8 ባር ነው።

ቁጥር 8 ደቡብ አፍሪካ ከከሰል ነዳጅ ወደ መሥራት የገባችው በማዕቀብ ምክንያት ነው ሲል፣ ቁጥር 9 ግማሹን ተቀበለው። ሳሶል፣ ከከሰል ነዳጅ የሚሠራው የአገሪቱ ኩባንያ፣ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1950 ነው፤ ነዳጅ ማምረት የጀመረው በ1955። ያኔ ማዕቀብ አልነበረም፤ ድፍድፍ የሌላት፣ ርካሽ ከሰል የሞላት አገር ናት። ሁለተኛውና ሦስተኛው ግዙፍ ፋብሪካ ግን ከ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ በኋላ የመጡ ስለሆኑ እዚያ ላይ ማዕቀቡም ፍርሃቱም አለበት። ቻይናም በ2008 ኦርዶስ ላይ የቤርጊዩስን መንገድ በትልቁ እንደጀመረች በአንድ መስመር ጠቅሶ አለፈ።

ቁጥር 10ን ባልነካው ይሻላል፤ እሳቸው በጻፉት ልክ መጻፍ አልችልም። የባቲ መንገድ የሚል ስም የያዙ አባት ናቸው። ከከሰሉ ጋር ጉዳይ የላቸውም፤ ነዳጅ የሚለውን ቃል አይተው ነው የገቡት። በፊያት ኤንትሬ ቦቴ ከአሰብ ኮምቦልቻ ሲመላለሱ ኖረዋል። ሶቪየቶች የሠሩልን የአሰብ ማጣሪያ እ.ኤ.አ. በ1967 ሥራ ሲጀምር ገና ረዳት ነበሩ። በሙቀቱ ምክንያት ቆላውን ሌሊት ነው የሚያቋርጡት፤ ሚሌን አልፈው ወደ ባቲ ዳገቱን ሲጀምሩ ሞተሩ እየፈላ ረዳቱ ጄሪካን ይዞ በእግሩ ይከተል ነበር። ባቲ ላይ የመጀመሪያው ነፋስ ፊታቸውን ሲነካቸው አገር እንደገቡ ያውቃሉ። ማጣሪያው በ1997 መዘጋቱን የሰሙት ሐረጎ ላይ ጎማ ሲቀይሩ በሬዲዮ ነው። መጨረሻ ላይ ከእነዚያ ሾፌሮች በሕይወት ያለ ካለ ድምፁን ያሰማ አሉ። ቁጥር 11፣ 12 እና 13 ድምፃቸውን ያሰሙት ናቸው፤ አንዱ የሟች ሾፌር ልጅ ነው። ከርዕስ ወጣችሁ ብዬ ልናገር አስቤ ተውኩት።

ወደ ነገሩ የመለሰን ቁጥር 14 ነው፤ ደሴ ኬሚስትሪ የሚያስተምር ሰው። ጥያቄዬ ራሱ ተንጋዶ መነሳቱን በትሕትና ነገረኝ። ከከሰል ዘይት መውጣቱን ማንም አይክድም፤ ግማሽ ሲኒ ለማውጣት ቱቦና እሳት ይበቃል። ጭንቁ ሃይድሮጅን ላይ ነው። ናፍታ ውስጥ ለ10 ካርቦን ወደ 19 ሃይድሮጅን አለ፤ ከሰል ውስጥ ግን ለ10 ካርቦን 8 ያህል ብቻ። እኔ ከቱቦው የተቀበልኩት ከሰሉ ራሱ ያለችውን ጥቂት ሃይድሮጅን አሟጥጦ ለጥቂቱ ካርቦን ያካፈላትን ነው፤ የተረፈው ካርቦን ባዶ እጁን ኮክ የሚባል ደረቅ ቅሪት ሆኖ ቱቦው ውስጥ ቀርቷል። እውነቱን ነው፤ ቱቦውን ስከፍት ግማሽ ኪሎው ሊቀንስ ያልቻለ ነው የሚመስለው። በወረቀት ሒሳብ፣ አመድና ውሃ የሌለበትን 100 ኪሎ ከሰል ሙሉ በሙሉ ወደ ናፍታ ለመውሰድ ወደ 9 ኪሎ ሃይድሮጅን መጨመር ያስፈልጋል። እሱን ከየት ታመጣዋለህ? አለኝ ማለት ነው። አጎቴ ያየው ሰውዬ በርሜሉን ሲያሳይ ይህን አላነሳም።

እዚህ ላይ ጭቅጭቁ ተቀጣጠለ። ቁጥር 15 ሒሳቡን ቀጠለው። 1 ኪሎ ሃይድሮጅን ከውሃ በኤሌክትሪክ ለማውጣት 50 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል፤ ዘጠኙ 450 ይሆናል። በዚያ መብራት አንዲት ትንሽ የኤሌክትሪክ መኪና ደሴና አዲስ አበባን ሦስት ጊዜ ደርሶ መልስ ትሄድበታለች። ከከሰሉ የሚወጣው ነዳጅ መቶ ሊትር ቢሆንና ሁሉ ቢሳካ፣ የቤንዚን መኪና በእሱ የሚሄደው የዚያን ግማሽ ነው። ስለዚህ ከሰሉን ተወው፣ መብራቱን መኪናው ላይ ሰካው።

ከ16 እስከ 21 ያለውን በአጭሩ ላሳልፈው። አንዱ መብራት በሳምንት ስንት ቀን እንዳለ ቁጥር 15ን ጠየቀው፤ ሌላው መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ያገደው ለዚሁ ነው አለ፤ ሦስተኛው አርባ ኩንታል ጤፍ ጭኖ ሐረጎን የሚወጣ የኤሌክትሪክ አይሱዙ ካለ ፎቶውን እንዲለጥፍለት ጠየቀ። ፎቶ አልመጣም። በመካከሉ ቁጥር 19፣ እኔ ይህን የጻፍኩት የምርምር በጀት ለመለመን እንደሆነና እንደ እኔ ያሉ ሰዎች ግማሽ ሲኒ ሬንጅ ይዘው አገር ሊያድኑ እንደሚነሱ ጻፈ። እጄ ተንቀጥቅጦ ነበር፤ ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ አጠፋሁት። ሲኒዋ ግን ግማሽ መሆኗን እኔም አልደበቅኩም።

ቁጥር 22 ሁለቱንም ወገን አረመ፤ የሂደት ምሕንድስና የተማረች ልጅ ናት። ቁጥር 15 ቀመሩ ልክ ሆኖ መንገዱ ስህተት ነው፤ እስካሁን የቆሙት ፋብሪካዎች ሃይድሮጅኑን በኤሌክትሪክ አያመጡም። ከሰሉን ራሱን ከእንፋሎትና ከኦክስጅን ጋር አግለው ያነዱታል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድና ሃይድሮጅን ይወጣል። ነርሷ የፈራችው ያ ጋዝ እዚህ ላይ ዋናው ጥሬ ዕቃ ነው። ሃይድሮጅኑ ሲያንስ ከሞኖክሳይዱ ከፊሉን ከእንፋሎት ጋር አገናኝተው ይጨምሩታል፤ ለዚያም የሚከፈለው ዋጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። 1 ቶን ዘይት ለማግኘት 4 ወይም 5 ቶን ከሰል የሚያልቀው በዚህ ምክንያት ነው፤ የቀረው በጭስ ማውጫ ይወጣል። ቀጥሎ ጋዙ በብረት ወይም በኮባልት ካታሊስት (ሳያልቅ ሂደቱን የሚያፋጥን ነገር) ላይ ከ200 እስከ 350 ዲግሪ ባለው ሙቀት ሲያልፍ ካርቦኖቹ እርስ በርስ ተያይዘው ረጃጅም ሞለኪውል ይሆናሉ። ከዚያ በፊት ድኝ ከጋዙ ውስጥ መጽዳት አለበት፤ ከሚሊዮን አንድ እጅ እንኳ ብትቀር ካታሊስቱን ቀስ በቀስ ትገድለዋለች። እሷ በትምህርት ቤቷ ያየችው የላብራቶሪ ሪአክተር ከክንድ የማይረዝም ቱቦ ነበር፤ ውስጡ ጥቂት ግራም ካታሊስት ብቻ። ሦስት ቀን ደክመው የሰበሰቡት ነጭ ሰም እንጂ ናፍታም አልነበረም፤ ናፍታ እንዲሆን የሰሙን ረጃጅም ሞለኪውሎች ደግሞ መሰባበር ያስፈልጋል። ጭቅጭቁን ያበረደችው እሷ ናት። ቁጥር 23 ቁጥር 15 ሆኖ መጥቶ ስህተቱን አመነ፤ በዚህ መድረክ ብዙ ጊዜ የማይታይ ነገር ነው።

አሁን ጆንያው። ቁጥር 24 የሲሚንቶ ፋብሪካ ላብራቶሪ ውስጥ ሠርቶ የለቀቀ ሰው ነው፤ የጻፈው አምስት መስመር ብቻ ነው። ከእኔ ቁጥሮች አንዱም የውጫሌ አይመስለውም። በአገራችን በባዛልት ንጣፎች መካከል የሚገኘው ከሰል ባብዛኛው ገና ያልበሰለ ነው፤ ውሃው ብዙ፣ አመዱም ብዙ። ውሃው 3፣ አመዱ 15፣ ተኑ 25 በመቶ የሆነ ከሰል እሱ የሚያውቀው በመርከብ ጂቡቲ የሚራገፈውን የደቡብ አፍሪካ ከሰል ነው። ጆንያውን ማን ሞላው? ብሎ ነው የዘጋው።

ቁጥር 25 የውጫሌ ልጅ ነው፤ ተቆጣ። አገሩ ከሰል እንዳለው አያቱ ከብት ሲጠብቁ ጀምሮ እንደሚያውቁና የሲሚንቶ ሰው ለውጫሌ ምስክር እንደማይሆን ተናገረ። ቁጥር 26 ቀልደኛ ነው፤ ውጫሌ ላይ ወረቀቱ ሌላ እውነቱ ሌላ ሲሆን የመጀመሪያው እንዳልሆነ፣ በ1888 በተፈረመው ውል አንቀጽ 17ም አማርኛውና ጣልያንኛው እንዳልተስማሙ አስታወሰን። ቁጥር 27 አልሳቀም። ውሉ የተፈረመው በ1881 ዓ.ም. እንደሆነ፣ 1888 ደግሞ ዓድዋ እንደሆነ፣ ይህን የማይለይ ሰው በታሪክ መቀለድ እንደሌለበት ጻፈ። ያ ሁሉ ንዴት ለአንድ ጆንያ ከሰል።

ቁጥር 28 እኔ ነኝ። ቁጥር 24 በግል መልእክት አንድ ቀላል ነገር ጠቁሞኝ ነበር፤ ከሰሉን ባልተቀባ ሸክላ ላይ አስምረው። የሲኒ ቂጥ ዙሪያው ቀለም አልተቀባም። የእናቴን ሲኒ ገልብጬ አንዱን ቁራጭ ጫን ብዬ ሳብኩት። ያልበሰለ ከሰል ቡናማ መስመር ይጥላል፤ የኔው እንደ እርሳስ ጥቁር ሆነ። ሌላ ቁራጭ ሞከርኩ፤ ጥቁር። ጥግ ላይ ትንሽ አብረቀረቀ እንጂ የቡና ቀለም የሚባል ነገር የለውም።

ቁጥር 29 ላይ ሳሙና የሚሠሩ እትዬ፣ ኮስቲክ ሶዳ ስላላቸው ሁለተኛ ማረጋገጫ ጨመሩልኝ። ልጃቸው ጆንያውን ካስቀመጥኩበት መጥቶ አንድ እፍኝ ወሰደላቸው። ዱቄቱን በኮስቲክ ሶዳ ውሃ ቀቅለው ሲያጠሉት ውሃው ጠላ መምሰል ነበረበት፤ ያልበሰለ ከሰል ሁሚክ አሲድ አለውና ይቀልጣል። የእሳቸው ውሃ እንደገባው ነጭ ሆኖ ወጣ። ጓንት አድርገው እንደሠሩና ማንም ያለ ጓንት እንዳይሞክረው አደራ ብለዋል።

ቁጥር 30 ላይ ስልክ ደውዬ ያገኘሁትን ጻፍኩ። አጎቴ ውጫሌ ደርሶ አያውቅም። ጆንያውን የገዛው እዚሁ ኮምቦልቻ፣ መኪኖች በሚያድሩበት አንድ ጋራዥ ጓሮ፣ ከአንድ ረዳት በስድስት መቶ ብር ነው። የውጫሌ ነው ያለው ረዳቱ ነው። ከየትኛው ጭነት ላይ እንደተራገፈ መገመት ይቻላል። አጎቴ አብሽር፣ ከሰል ከሰል ነው አለኝና ዘጋው።

31፣ 32 እና 33 ሳቅ ናቸው። ቁጥር 19 ተመልሶ መጥቶ ነበር፤ የጻፈውን አልደግመውም፣ ግን የተናገረው ሁሉ ውሸት አይደለም። መነሻዬን ላጠፋው አስቤ ነበር፤ ቁጥር 14 አትንካው ብሎ ከለከለኝ፣ የተሳሳተ ናሙናም ለተማሪ ማስተማሪያ ይሆነዋል በሚል።

ቁጥር 34 በወንዛችን ስም፣ ቦርከና ብሎ የሚጽፍ ነው፤ ማንም ያላነሳውን ውሃ አነሳ። እንፋሎቱ ውሃ ነው፣ ማቀዝቀዣው ውሃ ነው፤ ከጋዙ የሚታጠበው ፌኖልና አሞኒያም መጨረሻው ውሃ ውስጥ ነው። ወንዛችን አሁን ባለበት ሁኔታ ይህን ይሸከማል ወይ? ለዚህ መልስ የሰጠ የለም። ቁጥር 35 ከናፍታ ይልቅ በዚያው ጋዝ ማዳበሪያ መሥራት እንደሚሻል፣ ያዩ ላይም የታሰበው ይኸው እንደነበርና ሳያልቅ እንደቀረ ጠቀሰ። ገበሬ አባት ያለው ሰው አጻጻፍ ነው።

ቁጥር 36 የውጫሌው ልጅ ነው። ንዴቱ በርዷል። ቅዳሜ ከመጣሁ ቦታውን እንደሚያሳየኝ ጻፈ። ቁጥር 24 ከስሩ የናሙና አወሳሰድ ጨመረለት፤ ፊት ለፊት የታየውንና ፀሐይ የመታውን ትቶ ወደ ውስጥ መቆፈር፣ ከላይ እስከ ታች አንድ ወጥ መስመር መቁረጥ፣ ርጥበቱ እንዳያመልጥ ወዲያው ፌስታል ውስጥ አስሮ ሌላ ፌስታል መደረብ።

ቁጥር 37 የዛሬው ነው፤ የኔ። ቅዳሜ በሐይቅ በኩል ወጣሁ። ልጁ ከነወንድሙ ዶማ ይዞ አስፋልት ዳር ጠበቀኝ። ከመንገዱ አንድ ሰዓት ያህል በእግር ነው፤ ከድንጋዩ ሥር ንጣፉ ከጉልበቴ አይበልጥም፤ በመካከሉ የሸክላ አፈር ጣልቃ ገብቶበታል፤ የቅጠል ቅርጽ ያለበት ቁራጭም አገኘን። እዚያው ላይ ሲኒዋን ከቦርሳዬ አውጥቼ ከጥቁሩ መስመር ጎን አስመርኩት። ቡናማ ነው። ልጁ ሲኒዋን ተቀብሎ ብዙ ጊዜ አያት፤ ምንም አልተናገረም።

ሰኞ ሁለት ግራም መዝኜ 105 ዲግሪ ላይ አስገባሁት። በአንድ ሰዓቱ አወጣሁት፣ መዘንኩት፣ መለስኩት፤ እንደገና ቀንሷል። በሦስተኛው ሰዓት መብራት ሄደ፤ ክብደቱ ገና እየወረደ ነበር።